የፕላስቲክ ፍሬም ጥግ ለምን ይከፈታል? እንዴትስ ይገጠማል?

የምረቃ ፎቶ ወይም ሥዕለ አድኅኖ በፍሬም ተደርጎ ከተሰቀለ ጥቂት ወራት በኋላ ከአራቱ ጥጎች በአንዱ ላይ ነጭ መስመር ብቅ ይላል። መጀመሪያ የፀጉር ያህል ነው፤ ውሎ አድሮ ጥፍር ያስገባል። ባለቤቱ ሙጫውን ይወቅሳል፣ ሠሪው ሙጫ ጨምሮ ይመልሳል፣ ጥጉም ተመልሶ ይከፈታል። ሙጫው ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሥራው የተበላሸው ገና መጋዙ ላይ ሳለ ነው። ሁለተኛው ጥፋት ደግሞ ፕላስቲኩን እንደ እንጨት ቆጥሮ መሥራት ነው።

ዕቃው ምንድን ነው?

በየፍሬም ቤቱ ቆሞ የሚታየው ወርቃማ፣ ጥቁር ወይም የእንጨት መልክ ያለው ዘንግ አብዛኛው ፖሊስታይሪን ነው። የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ነጭ ፎምም ከዚሁ ፕላስቲክ ይሠራል። ለፍሬም የሚሆነው ግን ጠበቅ ብሎ፣ በቅርጽ ማውጫ ማሽን ተገፍቶ የወጣ ነው፤ ላዩ ላይ ቀለም ያለው ስስ ፎይል በሙቀት ይለጠፍበታል። ሲቆረጥ ውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ሆኖ እንደ ዳቦ ጥቃቅን ቀዳዳ ይታይበታል፤ ከዚህ በታች ፎም የሚባለው ይህ ውስጡ ነው። አንዱ ዘንግ ብዙውን ጊዜ ወደ 3 ሜትር ይጠጋል።

ፖሊስታይሪን መሆኑን ለማረጋገጥ ከትርፍ ቁራጭ የተቆረጠ ፊት ላይ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ጠብ ያድርጉ። ወዲያው ለስልሶ እንደ ማስቲካ ከተጣበቀ ፖሊስታይሪን ነው። ፒቪሲ ከሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚለሰልሰው፤ ፖሊዩረቴን ደግሞ እምብዛም አይነካም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ሙጫ ሲመረጥ ከብዙ ስህተት ያድናል።

ይህን ዕቃ ከእንጨት የሚለዩት ሦስት ጠባዮች አሉ፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከእነሱ የሚወጣ ነው። አንደኛ፣ ውሃ አይጠጣም። ሁለተኛ፣ እንደ አሴቶን፣ ቲነርና ቤንዚን ያሉ ፈሳሾች ያሟሙታል። ሦስተኛ፣ በሙቀት ብዙ ይለጠጣል፤ ሲቀዘቅዝም ይሰበሰባል። 1 ሜትር የፖሊስታይሪን ዘንግ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሙቀት ልዩነት ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይረዝማል ወይም ያጥራል። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ በዚያው ልዩነት ከ0.2 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ መስታወትም 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

የሦስተኛው ጠባይ ጣጣ ብዙ ሠሪ የሚዘነጋው ነው። ቀን ፀሐይ ባጋለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መስታወቱ ልክክ ብሎ የገባበት ፍሬም፣ ማታ ቀዝቃዛ ሳሎን ውስጥ ሲሰቀል ፕላስቲኩ ይሰበሰባል፤ መስታወቱ ግን ባለበት ይቆማል። ያኔ ከመስታወቱና ከጥጉ አንዱ መሸነፍ አለበት፤ የሚሸነፈው ጥጉ ነው። እንዲህ በተከፈተ ጥግ ላይ ሙጫ መጨመር ዋጋ የለውም፤ መስታወቱን በ2 ሚሊ ሜትር ማሳጠር ነው መፍትሔው።

ልኩ

መነሻው የፍሬሙ የውጭ ስፋት አይደለም፤ መስታወቱ የሚያርፍበት የውስጥ እርከን ነው። የእርከኑ ልክ የሥዕሉ ልክ ሲደመር 3 ሚሊ ሜትር ይሁን። ትልቅ ፍሬም ከሆነ፣ ማለትም አንዱ ጎን ከ1 ሜትር ካለፈ፣ 4 ሚሊ ሜትር ይተው። ከዚያ የውጩን ርዝመት ለማግኘት ከዘንጉ ስፋት የእርከኑን ስፋት ቀንሰው በ2 ያባዙና በእርከኑ ልክ ላይ ይደምሩ።

ለምሳሌ ሥዕሉ 40 በ50 ሴንቲ ሜትር፣ ዘንጉ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ እርከኑ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የእርከኑ ልክ 403 በ503 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 30 ሲቀነስ 6፣ 24 ነው፤ በሁለት ጎን 48። ስለዚህ የውጩ ርዝመት 451 እና 551 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አራቱ ሲደመሩ 2004 ሚሊ ሜትር ነው። የመጋዙ ዲስክ የሚበላውና መጀመሪያ የሚጣለው ጫፍ ሲታከል 2.05 ሜትር ያህል ዘንግ ይፈልጋል። ለግዢ ብቻ ከሆነ ፈጣኑ ስሌት የሥዕሉ ዙሪያ ሲደመር የዘንጉ ስፋት ስምንት ጊዜ ነው፤ እዚህም 1800 ሲደመር 240፣ 2040 ሚሊ ሜትር ይሰጣል።

ረጃጅሞቹን መጀመሪያ ይቁረጡ። አንዱ ቢበላሽ አጭር ጎን ይሆናል፤ አጭሩ ከተበላሸ ግን የሚሆነው ቁራጭ ብቻ ነው።

ቁርጡ

ጥጉ የሚድነውም የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ፍሬም 4 ጥግ አለው፤ ስለዚህ 8 ቁርጥ ይኖረዋል። መጋዙ ከ45 ዲግሪ ሩብ ዲግሪ ብቻ ቢስት፣ በአንድ ቁርጥ ላይ በዓይን አይታይም። ስምንቱ ሲደመሩ ግን 2 ዲግሪ ይሆናሉ። ሦስቱ ጥጎች ጥርቅም ብለው ከተገጠሙ፣ ያ 2 ዲግሪ በሙሉ አራተኛው ላይ ይከማቻል። ዘንጉ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው የተቆረጠው ፊት 7 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ በዚያ ላይ 2 ዲግሪ ማለት ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚሆን ክፍተት ነው። ሠሪው በእጁ ጨምቆ በሙጫና በሚስማር ያሠረዋል፤ ፕላስቲኩ ግን የተጨመቀውን አይረሳም፤ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ስለዚህ መጋዙን የሚፈትሹት በስኳድራ ብቻ አይደለም። ከቁራጭ ዘንግ ትክክል እኩል የሆኑ አራት አጫጭር ጎኖች፣ ለምሳሌ 15 ሴንቲ ሜትር የሆኑ፣ ቆርጠው ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሙጫ ይደርድሯቸው። የመጋዙ ስህተት ስምንት እጥፍ ሆኖ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ክፍተቱ በውስጥ በኩል ከሆነ ጫፉ ከሚገባው በላይ ሹል ሆኖ ተቆርጧል፤ መጋዙ ከ45 አልፏል ማለት ነው። በውጭ በኩል ከሆነ ከ45 አልደረሰም። አንዱ ጥግ ገጥሞ ሌላው እምቢ ካለ ግን ማዕዘኑን ትተው ርዝመቱን ይለኩ፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ጎኖች ተበላልጠው ይሆናል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ያስታውቃል። ርዝመትን በእርሳስ ምልክት እየጠበቁ ከመቁረጥ ይልቅ መጋዙ ጠረጴዛ ላይ ማቆሚያ እንጨት አስረው ጥንዶቹን በዚያው ልክ መቁረጥ ይሻላል።

ስለ ዲስኩ፦ ለ25 ሴንቲ ሜትር ዲስክ 80 ጥርስና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። 24 ወይም 40 ጥርስ ያለው የእንጨት ዲስክ ፎይሉን ይቀነጥሰዋል። ጌጡ ያለበት ፊት ወደ ላይ ይሁን፤ ጥርሱ የሚገባበት ፊት ንጹህ ሲቆረጥ የሚወጣበት ነው የሚላጠው። በእጅ መጋዝ ሲቆረጥም እንዲሁ ነው። ግፊቱ ዝግ ያለ ግን የማይቋረጥ ይሁን። ዲስኩ ቁርጡ ውስጥ እየዞረ ከቆመ ፕላስቲኩ በፍትጊያ ይቀልጥና ጠርዙ ላይ ትንሽ ከንፈር ይሠራል። ያ ከንፈር ካልተነሣ ሁለቱ ፊቶች አይነካኩም፤ በምላጭ ቆርጦ ማንሳት ነው። በቢላ የሚቆርጠው የእግር ማሽን ለእንጨት ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ቢላው ትንሽ እንኳ ከደነዘዘ ፎሙን ይጨፈልቀዋል፤ ፎይሉንም ይሰነጥቀዋል።

የተቆረጠውን ፊት በእጅ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አደገኛ ነው፤ ጠርዙ ክብ ይሆንና ክፍተቱ ከፊት ይታያል። ግድ ከሆነ ወረቀቱን ወፍራም መስታወት ላይ ዘርግተው ዘንጉን በ45 ዲግሪ መያዣ አስደግፈው ይሹት። ብናኙ በኤሌክትሪክ ሙላት ስለሚጣበቅ በትንፋሽ እፍ ማለት አይበቃም፤ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉት። ሲቆርጡ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና መነጽር አይለዩ።

አንዳንድ የእንጨት ፍሬም ሠሪዎች ቁርጡን ከሥር በኩል በጥቂቱ አሳጥረው ፊቱ ብቻ ጥርቅም እንዲል ያደርጋሉ። በፕላስቲክ ላይ ይህን ባያደርጉት ይሻላል። ሙጫው የሚይዘው በሚነካካ ፊት ልክ ስለሆነ፣ ከሥር ክፍተት መተው የጥጉን ጉልበት በራስ እጅ መቀነስ ነው።

ለምን ኮላ አይሆንም?

ነጩ የእንጨት ኮላ የሚደርቀው ውሃውን እንጨቱ ሲጠጣለት ነው፤ በቃጫው ውስጥም ሥር ይሰዳል። ፖሊስታይሪን ውሃ ስለማይጠጣ ኮላው በሁለት ፊቶች መካከል ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል፤ ሲደርቅም እንደ ስስ ላስቲክ ተላጦ ይነሣል። በሚስማር ስለተያዘ ብቻ የያዘ ይመስላል።

ማስቲሽም አይሆንም፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ውስጡ ያለው ሟሟ፣ ማለትም እንደ ቲነር ያለ ማሟሚያ ፈሳሽ፣ ፎሙን ይበላዋል፤ የሚተወው የላስቲክ ሽፋንም ለስላሳ ስለሆነ ጥጉ ሲገፋ ይንሸራተታል። የትኩስ ሙጫ ጠመንጃም ለመገጣጠሚያው ፊት አይስማማም፤ ወፍራም ሆኖ ስለሚቀዘቅዝ ሁለቱን ፊቶች አራርቆ ያስቀራቸዋል።

የሚሠሩት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ሱፐር ግሉ ነው። ይህ ሙጫ የሚደርቀው በአየርና በዕቃው ላይ ባለው እርጥበት ነው እንጂ ውሃ በማትነን አይደለም። ስለዚህ ስስ ሲሆን ቶሎ ይይዛል፤ ወፍራም ሲሆን መሃሉ ሳይደርቅ ይቀራል። ሲበዛ ይጠነክራል የሚል ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ለ3 ሴንቲ ሜትር ስፋት በአንዱ ፊት ላይ ብቻ 3 ወይም 4 ጠብታ ይበቃል፤ ከሚታየው ጠርዝ 3 ሚሊ ሜትር ይራቅ። ፎሙ ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ቀጭኑ ፈሳሽ ሰርጎ ይጠፋል፤ ጄል የሚባለው ወፈር ያለው ዓይነት ይመረጣል። በደረቅ የበጋ አየር መያዣ ጊዜው ይረዝማል፤ ቸኩሎ መልቀቅ አይገባም።

ሱፐር ግሉ ሁለት ዓመል አለው። አንደኛው፣ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት በአካባቢው ላይ እንደ ነጭ ዱቄት ይቀመጣል፤ ጥቁር ፍሬምና መስታወት ላይ ያስጠላል። መድኃኒቱ ሙጫ መቀነስና አየር ማናፈስ ነው፤ መስታወቱም በማግስቱ ይግባ። ሁለተኛው፣ ጥጥ ሲነካ በድንገት ይግላል፤ ያቃጥላልም። የተረፈውን በጥጥ ወይም በጥጥ ጨርቅ አይጥረጉ። ጣት ቢጣበቅ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክሮ በቀስታ ማላቀቅ ነው። በአሴቶን ማላቀቅም ይቻላል፤ ያ እጅ ታጥቦ ሳይደርቅ ፍሬም ከነካ ግን የጣት አሻራ ፎይሉ ላይ ታትሞ ይቀራል።

ሁለተኛው መንገድ በሟሟ ማዋሃድ ነው። ለፖሊስታይሪን የተሠራ ሙጫ ሁለቱን ፊቶች በስሱ አሟሙቶ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሟሟው ሲተን በመካከላቸው የሚቀረው ራሱ ፕላስቲኩ ነው። ጥቂት ደቂቃ የማስተካከያ ጊዜ ስለሚሰጥ ለሰፊ ዘንግ ይመቻል፤ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ግን በማግስቱ ነው። ከበዛ ፎሙን ይበላና ጥጉ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የዘንጉን ቁራጭ በቲነር አሟሙቶ ማር የመሰለ ሙጫ የሚሠራ ባለሙያም አለ። ይሠራል፤ ግን ሲደርቅ ስለሚኮማተር ክፍተት ይሞላልኛል ተብሎ አይታመንም። መስኮት ተከፍቶ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት ብቻ ይሠራ።

ሦስተኛው ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለቱ ተቀላቅለው የሚደርቁት ሙጫ ነው። ፎሙን አይበላም፣ ክፍተትም ይሞላል። ዝግተኛ ስለሆነ ለዕለት ሥራ አይመችም፤ ለከባድ ፍሬምና ለጥገና ግን ከሁሉ ይሻላል።

የቱም ቢመረጥ በቁራጭ ይሞከር። ሁለት ቁራጭ አጣብቀው በማግስቱ በእጅ ይስበሩት። ስብራቱ ፎሙን ገንጥሎ ከወጣ ሙጫው በቂ ነው፤ በሙጫው መስመር ላይ ልጥ ብሎ ከተላቀቀ ሙጫው ወይም የፊቱ ንጽሕና ችግር አለበት።

ሚስማሩ

የቪ ቅርጽ ያለው ሚስማር ከጀርባ ተመትቶ አንዱ ክንፉ በአንደኛው ዘንግ፣ ሌላው በሁለተኛው ይገባል። እንጨት ላይ ቃጫው ጠምዶ ይይዘዋል። ፎም ቃጫ የለውም፤ ከዚህም በላይ ሳያቋርጥ የሚጫነው ነገር ሲኖር ቀስ በቀስ ይሸሻል። ስለዚህ በሚስማር ብቻ የተያዘ የፕላስቲክ ጥግ ዛሬ ጠንካራ ነው፤ ከዓመት በኋላ ይላላል። ሚስማሩ ሙጫው እስኪደርቅ ጥጉን አጥብቆ ይይዛል፤ ዋናው ግን ሙጫው ነው።

የሚስማሩ ቁመት ከዘንጉ ውፍረት ሁለት ሦስተኛ አይለፍ፤ ከላይ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ይትረፍ። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ሚስማር ይስማማል። ውፍረቱን የሚለኩት ሚስማሩ በሚገባበት ቦታ ላይ ነው፤ ዘንጉ አንድ በኩል ጉብ፣ ሌላ በኩል ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉብታውን የለካ ሰው ዝቅ ባለው በኩል ሚስማሩን በፎይሉ አሳልፎ ያወጣዋል። ከ2 ሴንቲ ሜትር ለሚጠብ ዘንግ መሃል ላይ አንድ ይበቃል። ለሰፊው ሁለት ይመታል፤ አንዱ ወደ ውስጥ ጠርዝ፣ ሌላው ወደ ውጭ፤ ግን ከውጨኛው ሹል ጥግ 1 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ አለዚያ ጫፉ ይሰነጠቃል። በአየር የሚሠራ መምቻ ማሽን ከሆነ ግፊቱ ለእንጨት ከሚሰጠው ይቀንስ፤ ከላይ የሚጫነውም ለስላሳ ጎማ ይሁን፤ ጠንካራው ጌጡን ይጨፈልቃል። የሳተ ሚስማር ተነቅሎ በዚያው ቀዳዳ ሌላ አይመታም፤ የተጨፈለቀ ፎም አይመለስምና።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ያለ ሙጫ መግጠም፣ ከዚያ ሙጫ፣ ወዲያው ሚስማር። አንድ ረጅምና አንድ አጭር ጎን ይዘው ሁለት የኤል (L) ቅርጽ ይሥሩ፤ ሁለቱ ኤሎች አንድ ዓይነት አቅጣጫ ይኑራቸው፣ ማለትም ረጅሙ በሁለቱም ላይ በአንድ እጅ በኩል ይዋል። ኤሎቹ ሲይዙ እርስ በርስ ይገጠማሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጥጎች አብረው ነው የሚዘጉት፤ አንዱን ዘግቶ ሌላውን መጎተት የመጀመሪያዎቹን ያስጨንቃል። ወዲያው ሁለቱን ሰያፎች ይለኩ። በላይኛው ምሳሌ፣ 451 በ551 ለሆነው፣ ከጥግ እስከ ጥግ 712 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት፤ በሁለቱም በኩል እኩል።

ማሽን ለሌለው ሰው፦ ከኮምፔርሳቶ አራት የጥግ መያዣ ቆርጦ በየጥጉ አድርጎ ዙሪያውን በሲባጎ ማሰርና ሲባጎውን በእንጨት እያጠመዘዙ ማጥበቅ ይቻላል። መያዣው ሙጫው የሚወጣበት ቦታ ላይ ቀዳዳ ይኑረው፤ አለዚያ እሱም አብሮ ይጣበቃል። ሲደርቅ ከጀርባ በየጥጉ ባለ 3 ሚሊ ሜትር የኮምፔርሳቶ ሦስት ማዕዘን በኢፖክሲ ይለጠፍ። ከጎን በመዶሻ ተራ ሚስማር መምታት ግን ጫፉን ይሰነጥቃል።

ነጩ መስመር

ቁርጡ ትክክል ሆኖም ጥቁር ወይም ወርቃማ ፍሬም ላይ የፎሙ ንጣት በጥጉ መስመር ይታያል። ሙጫ ከመቀባቱ በፊት የላይኛውን ጠርዝ ብቻ በማይለቅ ማርከር ወይም በተመሳሳይ ቀለም በስሱ ማስመር ይበቃል። መላውን ፊት መቀባት ሙጫው ከቀለሙ ጋር እንዲጣበቅ ያደርጋል፤ ቀለሙ ሲለቅ ጥጉም ይለቃል። ከተገጠመ በኋላ የቀረች የፀጉር ያህል ክፍተት በቀለም ሰም ትሞላለች። ከዚያ የሰፋውን በሰም መሸፈን ደንበኛን ማታለል ነው፤ ይፈታና እንደገና ይቆረጥ።

ትልልቅ ፍሬሞችና ጥገና

2 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ይመዝናል። 60 በ90 ሴንቲ ሜትር ሥዕል መስታወቱ ብቻ 2.7 ኪሎ ነው፤ በ3 ሚሊ ሜትር መስታወት ከ4 ኪሎ ያልፋል። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት የታችኞቹ ሁለት ጥጎች ናቸው። ስለዚህ እዚህ መጠን ላይ ሲደርስ ከጀርባ የላሜራ ኤል በብሎን ይታሰር፤ ወይም መስታወቱ በአክሪሊክ ይተካ፤ ክብደቱ በእኩል ውፍረት ከግማሽ በታች ይወርዳል። ብሎኑ ፎም ላይ እንዲይዝ ጥርሱ ሰፋ ያለ ይሁን፤ በትራፓኖ ከብሎኑ የቀጠነ ፑንታ ቀዳዳ ይቅደም፤ መጨረሻው በካቻቢቴ በእጅ ይጥበቅ። ከመጠን አልፎ አንዴ የዞረ ብሎን ቀዳዳውን ፈጭቶታል። ከጎን ወደ ጎን የተወጠረ ገመድም ጎኖቹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ለሰፊ ፍሬም ሁለት ማንጠልጠያ ግራና ቀኝ አድርጎ በሁለት ሚስማር መስቀል ይሻላል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አስተኝቶ መተውም አይገባም፤ ውስጡ ሲግል ፎሙ ይለሰልስና ክብደት ባለበት በኩል ይጎብጣል።

የተከፈተ ጥግ ለጥገና ሲመጣ መጀመሪያ መስታወቱ ይውጣ። መስታወቱ ሲወጣ ጥጉ በራሱ ከተዘጋ ጥፋቱ የመስታወቱ ልክ ነው፤ ያሳጥሩት። ካልተዘጋ ጥጉን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት፤ አሮጌውን ሙጫ በምላጭ ፍቀው ያንሱ፣ በኢፖክሲ ይግጠሙና ከጀርባ ሦስት ማዕዘን ይለጥፉ። በተከፈተው ስንጥቅ ላይ ከላይ ሱፐር ግሉ ማፍሰስ ለአንድ ሳምንት ይይዛል፤ ሁለተኛ ሲከፈት ግን ፊቱ በደረቀ ሙጫ ጉብ ብሎ ስለሚገኝ ሁለቱንም ጫፍ ዳግም ከመቁረጥና ፍሬሙን ከማሳነስ በቀር ሌላ መላ አይኖረውም።